በአንድ ዲስክ ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ

ላፕቶፕ ሲከፈት መጀመሪያ የሚሠራው ዊንዶውስም ሊኑክስም አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ የተጻፈ፣ በተለምዶ ባዮስ የሚባል ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም ራሙን፣ ኪቦርዱንና ዲስኩን ይፈትሽና ከዲስኩ ላይ የሚቀጥለውን ፕሮግራም ጠርቶ ሥራውን ያስረክባል። የሚረከበው አንድ ብቻ ነው፤ ዲስኩ ላይ ግን ከአንድ በላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንዳይቀመጥ የሚከለክል ነገር የለም። ዱዋል ቡት የሚባለው አሠራር የመጣው ከዚህ ነው። ሁለት ሲስተሞች ዲስኩን ተካፍለው ይቀመጣሉ፤ ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ተጠቃሚው አንዱን መርጦ ያስነሳል፤ ሌላው ዝም ብሎ ይቆያል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለማይሠሩ ራምና ፕሮሰሰር አይሻሙም። ለአሮጌ ላፕቶፕ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንዱን ሲስተም በሌላው ውስጥ የሚያስነሱት እንደ ቨርቹዋልቦክስ ያሉ ፕሮግራሞች 4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ሁለቱንም እንዲንፏቀቁ ያደርጋሉ።

ጉዳዩ ሰሞነኛ የሆነበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍና ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነም በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ላይ የዋለው የሌኖቮው ቲንክፓድ ቲ430 ፕሮሰሰሩ የሦስተኛው ትውልድ ነው። ስለዚህ በይፋዊው መንገድ ዊንዶውስ 11 አይደርሰውም፤ መስፈርቱን ዘሎ የሚጭን ዘዴ ቢኖርም ማይክሮሶፍት ኃላፊነት አይወስድበትም። ማሽኑ ራሱ ግን ደህና ነው። ኪቦርዱ ከብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ይሻላል፣ ራሙ እስከ 16 ጊጋባይት ያድጋል፣ ዲስኩ በአንድ ብሎን ይፈታል።

ታዲያ ዊንዶውሱን አጥፍቶ ሊኑክስ ብቻ መጫን አይቀልም ወይ? ለብዙ ሰው ይቀላል፤ ኮምፒውተሩን ለኢንተርኔት፣ ለፊልምና ለደብዳቤ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ሁለት ሲስተም ማስተዳደር ትርፉ ድካም ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ዊንዶውስን መተው የማያስችሉ ሥራዎች አሉ። ብዙ የሒሳብ ባለሙያዎች ፒችትሪን ይዘው ነው የሚሠሩት፤ ፒችትሪ ሊኑክስ ላይ አይሠራም። መሐንዲሱ አውቶካድን፣ ጸሐፊዋ ፓወር ግዕዝን ይዘዋል፤ እነዚህም እንደዚያው ናቸው። እንዲህ ላለው ሰው የሚያዋጣው ሥራን መከፋፈል ነው። ኢሜይል፣ ባንክ፣ ቴሌግራም፣ በጠቅላላው ኢንተርኔት የሚነካው ሁሉ ማሻሻያ እስካሁን በሚደርሰው ሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ ዊንዶውስ 10 ከኢንተርኔት ተነቅሎ ለፒችትሪና ለመሰል ፕሮግራሞች ይቀመጣል። ይህን ክፍፍል ሳይወስን ዱዋል ቡት የሚያስጭን ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሁለቱ አንዱን መክፈት ይተዋል።

ከሊኑክስ ዓይነቶች መካከል ለዚህ ዕድሜ ማሽን ሊኑክስ ሚንት የሚመከረው በከንቱ አይደለም። ክሌሞን ለፌቭር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ሲሆን በኡቡንቱ ላይ የተገነባ ነው። ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀለል ያለ እትሙ በትንሹ 2 ጊጋባይት ራም ይበቃኛል ይላል፤ የሚመከረው ግን 4 ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሚንት 22 እስከ 2029 ድረስ ማሻሻያ ያገኛል። ዓይኑ ዊንዶውስን ለለመደ ሰው ሜኑው ከታች በግራ በኩል መሆኑም ያሳርፋል።

ከሶፍትዌሩ በፊት ግን ወደ ብረቱ ማየት ይገባል። ፋብሪካ ላይ የገባው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ እስካሁን ማሽኑ ውስጥ ካለ፣ የትኛውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቢጫን ፍጥነት አይመጣም። ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየርና ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ ሁለቱንም ሲስተሞች በአንድ ጊዜ ይጠቅማል። ቲ430 ደግሞ ለሌላ መፍትሔም ይመቻል፤ የዲቪዲ ማጫወቻው ወጥቶ በቦታው ካዲ በሚባለው ማቀፊያ ሁለተኛ ዲስክ ይገባበታል። ዊንዶውስ በአንዱ፣ ሊኑክስ በሌላው ዲስክ ሲቀመጥ ከዚህ በታች የሚዘረዘረው የፓርቲሽን (የዲስክ ክፍፍል) ጣጣ አብዛኛው ይቀራል። አቅሙ ያለው ሰው ይህን ቢመርጥ ነው የሚሻለው። ከዚህ በኋላ ያለው ማብራሪያ አንድ ዲስክ ብቻ ላለው ነው።

በየጥገና ቤቱ የሚሰማ ንግግር አለ። ደንበኛው ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ «ሊኑክስ ጫንልኝ፣ ዊንዶውሱ ግን እንዳይነካ» ይላል። ባለሙያው «ፋይልህን ባክአፕ አድርገሃል?» ብሎ ሲጠይቀው «አዎ፣ ዲ ላይ አስቀምጬዋለሁ» ይመልሳል። ሲ እና ዲ ብዙ ጊዜ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ዲስኩ ከተበላሸ ወይም የክፍፍሉ ሠንጠረዥ ከጠፋ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ባክአፕ ማለት ከማሽኑ ውጭ ባለ ኤክስተርናል ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ ያለ ቅጂ ነው፤ ይህ ሳይኖር ፓርቲሽን የሚነካ ባለሙያ ለደንበኛው አላሰበለትም።

ቀጥሎ የዲስኩ ጤና ይታያል። ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስለራሱ የሚመዘግበውን መረጃ ያነብባል። በተለይ ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ሴክተሮች ቁጥር እያደገ ከሆነ ያንን ዲስክ መከፋፈል ትርጉም የለውም፤ መቀየር ነው ያለበት። ዲስኩ በቢትሎከር የተመሰጠረ ከሆነም 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጽፎ መያዝና ምስጠራውን ለጊዜው ማገድ ያስፈልጋል። ያለዚያ ማሽኑ በሌላ መንገድ ሲነሳ ዊንዶውስ ቁልፉን ይጠይቃል፤ ባለቤቱ ደግሞ እንዲህ ያለ ቁልፍ መኖሩን የሚያውቀው ያኔ ነው።

መብራትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ፓርቲሽን ሲጠብ ፋይሎች ከአንዱ የዲስክ ቦታ ወደ ሌላው ይጓዛሉ፤ በመሃል ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ግማሹ በአዲሱ፣ ግማሹ በአሮጌው ቦታ ሊቀር ይችላል። በአሥር ዓመት ላፕቶፕ ላይ ያለ ባትሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቻርጀሩ ከተነቀለ ደቂቃም አይቆይም። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ቻርጀሩን ነቅሎ ባትሪው ስንት እንደሚቆይ ማየት፣ ካልያዘ ማሽኑን ከዩፒኤስ ወይም ጄኔሬተር ካለበት መስመር ላይ መሰካት ያሻል።

ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ የሚሠራው የመጀመሪያ ሥራ ፋስት ስታርትአፕን ማጥፋት ነው። ይህ አሠራር ከዊንዶውስ 8 ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 የመጣ ነው። ተጠቃሚው ሻት ዳውን ሲል ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የሲስተሙን ዋና ክፍል እንዳለ ዲስክ ላይ ጽፎ ያንቀላፋል፣ በማግስቱም ከዚያው ይቀጥላል። ገበታውን እንደዘረጋ ከቤት የወጣ ሰው ማለት ነው፤ ሌላ ሰው ገብቶ ዕቃ ቢያነሳሳበት ሲመለስ ይደናገራል። ሊኑክስ ይህን ያውቃል፤ የዊንዶውሱ ፓርቲሽን በዚህ ሁኔታ ላይ ሲያገኘው ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቅድም፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይከፍተውም። «ፋይሌን ዲ ላይ ሴቭ ማድረግ አልቻልኩም» የሚለው ቅሬታ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ማጥፊያው ከኮንትሮል ፓነል የፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ነው። ሃይበርኔትን ጨርሶ ማጥፋት ደግሞ ተጨማሪ ትርፍ አለው፤ ለእሱ የተያዘው ጊጋባይቶችን የሚወስድ ፋይል ይለቀቃል።

ከዚያ ቦታ ማስለቀቅ ይመጣል። የዊንዶውሱን ፓርቲሽን ማጥበብ ያለበት ራሱ ዊንዶውስ ነው። በዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ሲ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ ሽሪንክ ቮልዩም የሚለውን መምረጥ ነው። ዲስኩ 200 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለው ዊንዶውስ «40 ብቻ ነው ልለቅ የምችለው» ሊል ይችላል። ምክንያቱ መሃል ላይ የተቀመጡ የማይንቀሳቀሱ ፋይሎች ናቸው፤ የሃይበርኔት ፋይሉ፣ ለራም ማገዣ የሚውለው ፔጅ ፋይል፣ የሲስተም ሪስቶር ቅጂዎች። እነዚህን ለጊዜው አጥፍቶ ማሽኑን ሪስታርት አድርጎ እንደገና መሞከር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ለሊኑክስ 20 ጊጋባይት ይበቃል ቢባልም ማሻሻያዎች ሲጠራቀሙ ይጠብባል፤ ከ50 በታች ባይሆን ጥሩ ነው። ሲ ላይም ለዊንዶውስ መተንፈሻ መተው አይረሳም።

የተለቀቀው ቦታ ባዶ ሆኖ ይቆይ። እዚህ ላይ በዊንዶውስ አዲስ ፓርቲሽን ለመፍጠር መሞከር ለብዙ ማሽን የመጥፊያ መንገድ ሆኗል፤ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ዲስክ እንዴት እንደሚከፋፈል ማወቅ ግድ ነው።

አሮጌው የክፍፍል ሥርዓት ኤምቢአር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ከዶስ 2.0 ጋር የመጣ ነው። የዲስኩ የመጀመሪያዋ ሴክተር 512 ባይት ናት። ከእነዚህ 446ቱ ማስነሻ ኮድ የሚጻፍባቸው ናቸው፤ 64ቱ የክፍፍሉ ሠንጠረዥ፣ የቀሩት 2 ባይት ማረጋገጫ ምልክት ናቸው። አንድ ፓርቲሽን ለመመዝገብ 16 ባይት ስለሚፈጅ ሠንጠረዡ ከአራት በላይ አይዝም። የላፕቶፕ ፋብሪካዎች ደግሞ አራቱንም ይሞሏቸው ነበር፦ አንድ ትንሽ የማስነሻ ክፍል፣ ሲ፣ ዲ፣ የፋብሪካው ሪከቨሪ። እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ቦታ ተለቅቆም ለሊኑክስ የሚመዘገብበት መስመር የለም። ዊንዶውስ በዚህ ጊዜ አምስተኛ ፓርቲሽን ፍጠር ሲባል «ዲስኩን ወደ ዳይናሚክ ልቀይረው ነው» የሚል መልእክት ያወጣል፤ የቸኮለ ሰው ዬስ ይላል። ዳይናሚክ የሆነ ዲስክ ላይ የሊኑክስ መጫኛዎች አይሠሩም፤ ወደ ነበረበት ለመመለስም የማይክሮሶፍት መሣሪያ ዲስኩ እንዲጠፋ ይጠይቃል። ትክክለኛው መፍትሔ ከአራቱ አንዱን፣ ለምሳሌ ዲን፣ ፋይሎቹን ወደ ውጭ ቀድቶ ማጥፋትና በቦታው ኤክስቴንድድ የሚባለውን ዓይነት ፓርቲሽን መፍጠር ነው። በእሱ ውስጥ ሌሎች ብዙ ክፍሎች ይገባሉ፤ ሊኑክስ ከ5 ጀምሮ ይቆጥራቸዋል።

አዲሱ ሥርዓት ጂፒቲ ነው። በተለመደው አደረጃጀቱ 128 ፓርቲሽን ይይዛል፣ የሠንጠረዡንም ሁለተኛ ቅጂ በዲስኩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ከእሱ ጋር የሚሄደው የማስነሻ ዘዴ ዩኢኤፍአይ ሲሆን ማስነሻ ፕሮግራሞቹን ለብቻው በተያዘ አነስተኛ ፓርቲሽን ውስጥ እንደ ተራ ፋይል ያነብባቸዋል። የዊንዶውስ ማስነሻ በአንድ ፎልደር፣ የሊኑክሱ በሌላ ፎልደር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ እንጂ አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም።

እንደ ቲ430 ያሉ በዘመኑ መሸጋገሪያ ላይ የተሠሩ ላፕቶፖች ሁለቱንም ያውቃሉ፤ ፈተናውም እዚያ ላይ ነው። ዊንዶውሱ በአሮጌው ዘዴ ከተጫነ ሊኑክሱም በአሮጌው፣ በአዲሱ ከሆነም በአዲሱ መጫን አለበት። የተቀላቀለ እንደሆነ ሁለቱም ለየብቻ ይሠራሉ፤ ግን በአንድ ሜኑ ላይ አይታዩም፣ ለመቀያየርም በየጊዜው ባዮስ ውስጥ መግባት ይጠይቃል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በዊንዶውስ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ከፍቶ ባዮስ ሞድ ከሚለው ፊት ለፊት የተጻፈውን ማንበብ ነው። ሌጋሲ ካለ አሮጌው ነው፤ ዩኢኤፍአይ ካለ አዲሱ።

ዝግጅቱ ይህን ያህል ነው፤ ጭነቱ ራሱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። 3 ጊጋባይት ገደማ የሚሆነው የሚንት ፋይል ይወርዳል። ኔትወርክ እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ጎደሎ ሊሆን ስለሚችል ከፋይሉ ጋር በተለቀቀው የማረጋገጫ ቁጥር ማመሳከሩ አይዘለልም። ከዚያ ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ይጻፋል፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ቲንክፓዱ ሲከፈት ኤፍ12 ተጭኖ ፍላሹን መምረጥ ነው።

ሚንት ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ይነሳል። ይህ ዕድል በችኮላ መታለፍ የለበትም። ዋይፋዩ ይይዛል? ድምፅ ይወጣል? የስክሪኑ ብርሃን ይጨምራል፣ ይቀንሳል? ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ማሽኑ ይመለሳል? በተለይ የብሮድኮም ዋይፋይ ቺፕ ያላቸው ላፕቶፖች ተጨማሪ ድራይቨር ይፈልጋሉ፤ ያን ለማውረድ የኔትወርክ ኬብል ወይም በዩኤስቢ የተገናኘ ስልክ ያስፈልጋል። ከተጫነ በኋላ ከሚታወቅ አስቀድሞ ቢታወቅ ይሻላል።

መጫኛው ዊንዶውስ መኖሩን ካየ «ከጎኑ ልጫን» የሚል ምርጫ ያቀርባል። ከዚሁ በታች «ዲስኩን አጥፍቼ ልጫን» የሚለው አለ፤ በጥገና ቤቶች የሚሰሙት የሚያስለቅሱ ታሪኮች የሚጀምሩት ከዚህ መስመር ነው። ሦስተኛው «ሌላ» የሚለው ሁሉንም ፓርቲሽን በዝርዝር ያሳያል። ቀድሞ በመጠን የታወቀውን ባዶ ቦታ ፈልጎ፣ በኢኤክስቲ4 ፎርማት እንዲደረግ፣ የሲስተሙም ሥር እንዲሆን ማዘዝ ነው። ኤንቲኤፍኤስ የሚል የተጻፈባቸው መስመሮች የዊንዶውስ ስለሆኑ ፎርማት የሚለው ሳጥን እዚያ ላይ ምልክት እንዳይደረግበት። መጫኛው የመጨረሻውን ማረጋገጫ ሲጠይቅ የሚለወጡትን ፓርቲሽኖች ይዘረዝራል፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዲስኩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፣ መመለስም ይቻላል።

ማሽኑ ሪስታርት ሲያደርግ ጥቁር ስክሪን ላይ ጥቂት ነጫጭ መስመሮች ይመጣሉ። ከላይ ሊኑክስ ሚንት፣ ከታች ዊንዶውስ፤ ከሥር ሰከንድ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ይህ ግሩብ የተባለው ማስነሻ ነው፤ አጀማመሩ እ.ኤ.አ. ወደ 1995 ይመለሳል። ምንም ካልተነካ የላይኛውን ያስነሳል። በቅድሚያ የሚነሳውም፣ የሚጠብቀው ሰከንድም ይቀየራል። ዊንዶውስ ቀድሞ፣ ሊኑክስ በኋላ የሚጫነው በሚከተለው ምክንያት ነው። ግሩብ ዊንዶውስን ፈልጎ ሜኑው ላይ ያስገባል፤ የዊንዶውስ መጫኛ ግን የማንንም አይፈልግም፣ የራሱን ማስነሻ ጽፎ ሊኑክሱን ከዓይን ያሰውራል።

በመጀመሪያው ቀን ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው የሰዓት ነገር ነው። ሊኑክስ በማዘርቦርዱ ሰዓት ላይ የሚጽፈው የዓለም አቀፉን መነሻ ሰዓት ሲሆን የአገሩን ልዩነት ራሱ ይደምራል። ዊንዶውስ ደግሞ እዚያ ላይ የሚያገኘውን የአካባቢው ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። ኢትዮጵያ ከመነሻው 3 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ሊኑክስ ላይ ተሠርቶ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ወደ ዊንዶውስ ሲገባ ኮምፒውተሩ 15፡00 በማለት ፈንታ 12፡00 ይላል። ከኢንተርኔት የተነቀለ ዊንዶውስ ራሱን አያርምም፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚሠራ ሒሳብ ሠራተኛም ደረሰኙ በትናንት ቀን ተመዝግቦ ሊያገኘው ይችላል። ሊኑክስን በአካባቢው ሰዓት እንዲጽፍ ማዘዝ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ወይም በዊንዶውስ ሬጅስትሪ ውስጥ ተቃራኒውን ማስተካከል። ሁለቱንም ማድረግ ግን ስህተቱን በሌላ አቅጣጫ ይመልሰዋል።

የጋራ ፋይል የሚቀመጥበት ክፍል ኤንቲኤፍኤስ ይሁን። ሊኑክስ ያነብበዋል፣ ይጽፍበታልም፤ ዊንዶውስ ግን ኢኤክስቲ4ን ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም አያነብም፤ ጭራሽ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። መልሱ ምን ጊዜም ኖ ነው።

አማርኛ በሊኑክስ ላይ ችግር የለበትም። ፊደሉ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ፎንቱ ከተጫነ በሁሉም ፕሮግራም ይታያል፤ መጻፊያውም አይባስ በተባለው የኪቦርድ ማስተዳደሪያ በኩል ይጨመራል፣ በድምፅ አቻ የላቲን ፊደል እየነኩ መጻፍ ነው። የሚያስቸግረው አሮጌ ሰነድ ነው። ዩኒኮድን ባልተከተሉ የድሮ ፎንቶች የተተየቡ ደብዳቤዎች ያለ ፎንታቸው ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናሉ። እነሱን ዊንዶውስ ላይ ሆኖ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለዚያም ፒዲኤፍ ማድረግ ይበጃል።

ከወራት በኋላ ሜኑው ሊጠፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 የወጣ የዊንዶውስ ማሻሻያ ሴኩር ቡት የተባለው የማስነሻ ጥበቃ የበራላቸው በርካታ የዱዋል ቡት ማሽኖች ሊኑክሳቸውን እንዳያስነሱ አድርጓል፤ ማይክሮሶፍት ጨርሶ ያስተካከለው በቀጣዩ ዓመት ነው። እንዲህ ሲሆን ፋይሉ አለ፤ የጠፋው ማስነሻው ብቻ ነው። የተጫነበት ፍላሽ ተጠብቆ ከቆየ ከእሱ ላይ ተነስቶ፣ ሚንት ውስጥ የሚገኘውን ቡት ሪፔር መክፈት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ስለዚህ ያቺን ፍላሽ ለፊልም ማዋል አያዋጣም።

ሊኑክሱን ማውጣት ለሚፈልግም ቅደም ተከተል አለ። ፓርቲሽኑን በዊንዶውስ ዝም ብሎ ማጥፋት የግሩብን ፋይሎች አብሮ ያጠፋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማሽኑ «ግሩብ ሬስኪው» ብሎ ይቆማል። መጀመሪያ ማስነሻው ወደ ዊንዶውስ ይመለስ፤ በአሮጌው ዘዴ ከሆነ በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ የመጀመሪያዋ ሴክተር እንደገና ትጻፋለች፣ በዩኢኤፍአይ ከሆነ የዊንዶውሱ ማስነሻ በባዮስ ዝርዝር ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ዊንዶውስ ያለ ግሩብ መነሳቱ ከታየ በኋላ የሊኑክሱ ክፍል ይጠፋል፣ ባዶው ቦታም ለሲ ይመለሳል። ዲስክ ማኔጅመንት ሲን የሚያሰፋው ግን ባዶው ቦታ ከሲ ቀጥሎ በስተቀኝ ካለ ብቻ ነው፤ በመካከላቸው የሪከቨሪ ፓርቲሽን ካለ ኤክስቴንድ የሚለው መስመር ደብዝዞ ይቀራል፣ ጂፓርቴድ በመሰለ ፕሮግራም ያን ክፍል ወደ ዳር ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።